የእታለም ዲስክ

ሰፈሩ እናቱ ባወጣችለት ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «ቆይ» ነው የሚለው። ስሙን ያተረፈው በሥራው ነው። ደንበኛ የተበላሸ ኮምፒውተር ታቅፎ ደረጃ ሥር ወዳለችው ጠባብ የጥገና ሱቅ ብቅ ሲል፣ ገና ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ሳያሳርፍ ከጠጋኙ አፍ የምትወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህችው ናት። «ቆይ፣ እንዳትሰካው።» «ቆይ፣ ምን እያደረግህ ሳለ ነው የጠፋው?» «ቆይ፣ ከመክፈቴ በፊት ድምፁን ልስማው።» ከዚያ ጆሮውን ወደ ሲፒዩው አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የቸኮለ ደንበኛ በር ላይ ይቁነጠነጣል፣ ሰዓቱን ያያል፣ በሆዱ ይራገማል። ዕቃው ድኖ ሲሰጠው ግን ያው ተራጋሚ መራቂ ሆኖ ይሄዳል። እንዲህ እንዲህ እያለ «ቆይ» ስድብ መሆኑ ቀርቶ መታመኛ ሆነለት።

ከሕጎቹ ሁሉ የማይሻር አንድ ሕግ ነበረው። የደንበኛን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አውጥቶ ኤስኤስዲ በሚባለው አዲስ ፈጣን ዲስክ ሲተካ፣ አሮጌው ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ይገለብጥና አሮጌውን አይነካውም። ፕላስተር ለጥፎ የባለቤቱን ስም ይጽፍበትና መደርደሪያ ላይ ያሳርፈዋል። ባለቤቱ ወር ያህል ሠርቶበት «ተስማምቶኛል» ብሎ በገዛ አፉ እስኪመሰክር ድረስ ያ ዲስክ ምድር ቢገለበጥ አይጠፋም። ለምን ሲሉት መልሱ የተዘጋጀ ነበር።

«አሮጌው ሲታመም ያቃስታል» ይላል። «ይንቋቋል፣ ይጮኻል፣ ሊሞት መሆኑን አውቀህ ትዘጋጃለህ። ይኼ አዲሱ ግን ሲሮጥልህ ውሎ በማግስቱ ድምፅ ሳያሰማ ቀጥ ይላል። ዝም ያለ ሁሉ ደህና እንዳይመስልህ።»

ይህን የመሰለ ምክር ለሰው ሁሉ ሲያድል፣ በገዛ ቤተሰቡ ዝም ያለ ሰው እንዳለ አስቦ አያውቅም። ያለችው ደግሞ ታላቅ እህቱ ናት።

እታለም ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጡት የጣለ ሕፃን፣ እሷ ደብተር ይዛ የምትመላለስ ልጃገረድ ነበረች። ከቀብር መልስ ዘመድ ሁሉ እህህ ብሎ ሲበተን፣ ሕፃኑን ያነሣችው እሷ ናት፤ ደብተሩንም በዚያው ዘጋችው። የሰው ልብስ አጠበች፣ የሰው ቤት ወለወለች፣ በኋላ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች። እዚያ ሕፃናቱ እጇን ይዘው አልለቅ ስላሏት ረዳት አደረጓት። ረዳት ትባል እንጂ ክፍሉን የምትይዘው እሷ ነበረች፤ መምህራን ሲመጡና ሲሄዱ ልጆቹን ቁጥርና ፊደል የምታስይዘው እሷው።

ትምህርቷን መቀጠል እንደምትፈልግ ወንድምዬው ያውቅ ነበር። አልከለከላትም፤ እሱ ሰው የሚከለክል ሰው አይደለም። ብቻ ያቺን የለመዳትን ቃል ይላታል። «ቆዪ እታለም፣ መጀመሪያ እኔ ልጨርስ።» ጨረሰ። «ቆዪ፣ ሱቋ በእግሯ ትቁም።» ቆመች። «ቆዪ፣ ሠርጉ ይለፍ።» አለፈ። «ቆዪ፣ ልጁ ትንሽ ጠንከር ይበል።» ልጁም ጠንክሮ ኳስ መምታት ጀመረ። እያንዳንዷ «ቆዪ» በቂ ምክንያት ነበራት፤ ተደምረው የአንድ ሰው ዕድሜ እንደሚያህሉ ግን ማንም ደምሮ አላየም። እሷም አንድ ቀን አኩርፋ አታውቅም። «ይሁን ማሙሽ» ትለዋለች። መሐል አናቱ ገላጣ የሆነውን ሰውዬ አሁንም ማሙሽ ነው የምትለው።

በመጨረሻ ሳትጠይቀው ተመዘገበች። የማታ ኮሌጅ ገብታ፣ ሽበቷን በሻሽ ሸፍና ከልጆች እኩል ተቀመጠች። እሱ የሰማው አንደኛውን ዓመት ከጨረሰች በኋላ ነው። ደስ አለው፣ ትንሽም አፈረ፤ ያፈረበትን ለመካስ ከቁርጥራጭ ዕቃ አንድ ዴስክቶፕ ገጣጥሞ ሰጣት።

አሁን የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏ ብቻ ነበር። ሕፃናት ቁጥርን በጨዋታ እንዴት እንደሚለምዱ የሚል ነው። የምትጽፍበት ዘዴ የራሷ ነበር፤ ልጆቹ ፊት ወረቀት አትይዝም፤ ወረቀት ካዩ «ሥዕል ሳዪልን» ብለው ጨዋታቸውን ይተዉታል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያየችውን በጭንቅላቷ ይዛ ትገባና ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ታሰፍረዋለች። ሥራው እንዲህ ሁለት ዓመት ፈጀ። እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ካላስገባች ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ቁርጡን ነግረዋታል፦ ክፍሉ ከዚህ ወር በኋላ ዲፕሎማ ላለው ሰው ይሰጣል። እሷ ከያዘች ለእሷ፣ ካልያዘች ለሌላ። ያ ማለት ያሳደገቻቸውን ልጆች ለሌላ አስረክባ ወደ መጥረጊያዋ መመለስ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ እርጅና ተጭኖት ኖሮ፣ አብርታው ሰሃን አጥባ ስትመለስ ገና እየተነሣ ታገኘዋለች። ቆይ ይህን ሲያይ «ኤስኤስዲ ላስገባልሽ፣ እንደ ወፍ ነው የሚነሣው» አላት።

«ጽሑፌስ? መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ልገልብጠው?»

«እኔ እያለሁልሽ ፍላሽ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀባት።

ሲፒዩውን ወደ ሱቁ ወስዶ ሠራው። አዲሱን ዲስክ አሰረ፣ ከአሮጌው ገለበጠ፣ አበራ። ኮምፒውተሩ ዓይን ሳይርገበገብ ተነሣ። አጠፋ፣ አበራ፤ አሁንም ተነሣ። ያኔ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በር ላይ ቆሞ፣ «ለደንበኞቼ ሙዚቃና ፊልም የምጭንበት አንድ አሮጌ ዲስክ የለህም?» እያለ ይነዘንዘው ነበር። ቆይ ወደ መደርደሪያው አየ። እዚያ የተደረደሩት ሁሉ የሰው ናቸው፤ ፕላስተራቸው ላይ የባለቤት ስም አለ። በእጁ ያለው ግን የእታለም ነው። የራሱ ቤት ነው፤ የራሱ እህት ምን ትለዋለች? የቅርብ ጠበል ልጥ መንከሪያ ይሆናል የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ፎርማት አድርጎ ያለበትን ሁሉ ደመሰሰና ለፀጉር አስተካካዩ አቀበለው። ዕድሜውን በሙሉ ቆይ ሲል የኖረ ሰው፣ መቆየት በነበረበት በአንዲቷ ሰዓት ቸኮለ።

እታለም ያን ዕለት ልጅ ሆነች። አብርታ አጥፍታ፣ አብርታ አጥፍታ፣ «እንዴ! ገና ወንበር ሳልስብ!» እያለች እንደ ተማሪዎቿ አጨበጨበች። ሁለት ሦስት ቀን እንደ ልቧ ጻፈችበት።

ማክሰኞ ከሥራ ስትገባ ደወለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ማሙሽ፣ ኮምፒውተሩ አልነሣ አለኝ። መቼም እኔ አንድ ነገር ነክቼ ይሆናል።»

ሄደ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ ላይ ልጆች የሳሉላት ራሷ ትልቅ እግሯ ቀጭን የሆነች ሴት ሥዕል። ሲፒዩውን አበራ። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ላይ ግን የሚነሣ ዲስክ አላገኘሁም የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ ወጣ። ልቡ አልደነገጠም፤ ይህን በቀን ስንቴ ያየዋል። ኬብል ላልቶ ይሆናል። በካቻቪቴ ክዳኑን ፈትቶ ኬብሉን ነቅሎ ሰካው፤ ያው ነው። ባዮስ ውስጥ ገባ፤ ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሣ እንደታዘዘ ሊያይ። እዚያ ሲደርስ እጁ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ዲስኩ ተራው ተዛብቶ አልነበረም፤ ጭራሹኑ ስሙ የለም። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፣ የኃይል ገመዱን ቀየረ፣ ራም የሚባለውን ካርድ እንኳ አውጥቶ ጠራርጎ መለሰ። ስሙ የለም። ጆሮውን አስጠጋ፤ ድሮስ ኤስኤስዲ ምን ድምፅ አለው?

«ከባድ ነው?» አለችው ከኋላው።

«ቆዪ፣ ቀላል ነገር ነው። ሱቅ ወስጄ ነገ አመጣልሻለሁ።»

ረቡዕ ሱቁን ከፍቶ ሌላ ደንበኛ አላስተናገደም። ዲስኩን ባሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ ሞከረው። አንዱም አላወቀውም። ከሬሳ ጋር መነጋገር ነበር። ከሰዓት በኋላ እየሮጠ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ሄደ።

«ያን ዲስክ መልስልኝ።»

«ሰጥቶ መቀማት ከመቼ ወዲህ ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እያንጫጫ። «ደግሞ ሞልቼዋለሁ እኮ። የሠርግ ቪዲዮ ብቻ እንኳ...»

«ሞላኸው?»

ፀጉር አስተካካዩ ፊቱን አይቶ ቀልዱን ተወ። ዲስኩን ነቅሎ ሰጠው፤ ወንበር ላይ ያለውን ደንበኛም ግማሽ ጎኑ እንደተላጨ ትቶ እስከ በሩ ሸኘው።

ቆይ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፍቶ ጠበቀ። ፕሮግራሙ የማያውቃቸውን ሙሽሮች አወጣለት፤ ጭፈራ አወጣለት፤ ከወገብ በላይ የተቆረጠ የልጆች ፎቶ አወጣለት። ከዚያ አንድ ፋይል መጣ፤ የእታለም ጽሑፍ! ከፈተው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ያልቃል። የድሮው ቅጂ ነው፤ ልጆቹ ያሉበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በጭንቅላቷ እያመላለሰች ያሰፈረችው ሦስተኛው ምዕራፍ የለም። እሱ የነበረበት ቦታ ላይ የሰው ሠርግ ተቀምጧል።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ንገራት» አለችው።

«ቆይ፣ አንድ ሌላ ፕሮግራም ልሞክርና።»

«እሷን ነው የምትሞክረው እንጂ ፕሮግራም አይደለም» አለችና ራቱን አቀረበች። አልበላም።

ሐሙስ ሌላውን ፕሮግራም ሞከረ። ያው ሙሽሮች ተመልሰው መጡ። በዚያ መሐል ስልኩ ጮኸ፤ እታለም ናት።

«ማሙሽ፣ እንዳልረብሽህ ፈርቼ ነበር። አስተማሪያችን፣ ችግር የገጠመው ካለ ዛሬ ይንገረኝ፣ ተጨማሪ ቀን እሰጣለሁ፣ ከነገ ጀምሮ ግን አልሰማም ብሏል። ምን ልበለው?»

እዚህ ላይ ሰውየውን መራገም ይቻላል፤ እሱም ራሱን ረግሟል። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። እሷ ግን ያ ዝግ ያለ፣ ማንንም ማስቸገር የማይፈልግ ድምፅዋን ስታሰማው፣ ያን ድምፅ መስበር አቃተው። ፈራ። ከእህቱ ቁጣ አልነበረም የፈራው፤ ቁጣዋን አያውቀውማ። «ይሁን ማሙሽ» እንዳትለው ነው የፈራው።

«ምንም አትበዪው፤ ይደርሳል» አላት።

«እሺ። አንተ ካልክ» አለችና ዘጋች።

ዓርብ ጠዋት፣ የሱቁን ላፕቶፕ አንግቶ፣ የተረፈችውን ግማሽ ጽሑፍ ይዞ ሄደ። እሷ ከሥራ አስፈቅዳ ትጠብቀው ነበር። ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ሲፒዩው የሚቀመጥበትን ቦታ ባዶ አድርጋ አዘጋጅታዋለች። ያቺን ባዶ ቦታ አየ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት፤ የአዲሱን ዲስክ መሞት፣ አሮጌውን እንዴት እንዳጠፋው፣ ፀጉር አስተካካዩን፣ ሙሽሮቹን፣ የተረፈውንና የጠፋውን።

እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ፦ «መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ረቡዕ።»

«ትናንት ስደውልልህ ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«አውቅ ነበር።»

 መስኮቱ ላይ ያለችውን ራሰ ትልቅ ሴት ስታይ ቆየች። እሱ «ይሁን ማሙሽ»ን አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። አልመጣም።

«ዲስኩን ተወው» አለች። «ዕቃ ነው፣ ይሞታል። ፎርማት ማድረግህንም ይቅር እልሃለሁ፣ ወንድሜ ነህ። ትናንትን ግን ዲስኩ አልበላብኝም። ትናንትን የበላኸው አንተ ነህ!» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ በግድግዳው ማዶ ያለው ሬዲዮ እንኳ ዝቅ ተደረገ። «ስትማር ቆዪ አልከኝ፤ ቆየሁ። ሱቅ ስትከፍት ቆየሁ። ስታገባ ቆየሁ፣ ስትወልድ ቆየሁ። ከፍቶኛል ብዬህ አላውቅም አይደል? ከፍቶኝ ነበር! ሰማህ? ሁሌም ከፍቶኝ ነበር!»

ቆይ እህቱ ስትጮህ ሰምቶ አያውቅም። እንባው መጣ።

«እንዳታለቅስብኝ» አለችው። «ዛሬ የማባብልበት ጊዜ የለኝም። ያን ላፕቶፕ ክፈትና ቁጭ በል።»

የተናገረችው ልጆቹን በምታዝበት ድምፅ ነበርና፣ ወንበሩ ላይ እንዴት እንደተቀመጠ ሳያውቀው ተቀመጠ።

«ልጆቹ ከራሴ አልጠፉም። እኔን ፎርማት ያደረገኝ የለም። እኔ ለኪቦርድ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ አንተ ትጽፋለህ። ነገ እኩለ ቀን ላይ የኮሌጁ በር ሲዘጋ እኔ ከውስጥ ነኝ። ጻፍ። ምዕራፍ ሦስት።»

ጻፈ። እሷ ክፍሏን ከአልጋ እስከ በር እየተመላለሰች ትናገራለች። ደረጃ ስትቆጥር ሁልጊዜ ከሦስት ወደ አምስት የምትዘል ልጅ ነበረች፤ ለምን ስትባል «አራት የወንድሜ ነው፣ አትንኪብኝ ብሎኛል» አለች። የልብስ ቁልፍ ሲቆጥር የተሰበረችውን የሚያልፍ ልጅ ነበር፤ «እሷ ታማለች፣ ትተኛ» ይላል። በአፉ ከሁለት በላይ የማይቆጥር፣ በእግሩ ግን መሬት እየመታ ክፍሉን ሁሉ የሚቆጥር ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን ቆይ ወንበሩ ላይ በሳቅ ይንከባለል ነበር። ዛሬ ጣቶቹ ብቻ ይሮጣሉ። እነዚህን ልጆች አያውቃቸውም፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ስለ እነሱ አንድ ጊዜ ጠይቋት አያውቅም።

ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሚስቱ ምሳ ልካ፣ ሳይከፈት ቀዘቀዘ። እታለም ውኃ ጎንጨት ብላ ቀጠለች።

«አንድ ልጅ ነበር። ዥዋዥዌ ላይ ተራው ሲደርስ ሌላ ልጅ ቆይ ይለዋል፤ እሱም ይለቃል። ሁልጊዜ ይለቃል። አያለቅስም፣ አይከስስም። እኛ ደግ ልጅ ነው፣ መጫወቱም ብዙ አይገደውም ብለን ትተነው ነበር። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ።»

«አንድ ቀን አጠገቤ አስቀምጬ ጠየቅሁት። ለካ ይቆጥር ኖሯል። ተራው ስንት ጊዜ እንደታለፈ፣ ማን ማን እንዳለፈው፣ አንዲት ሳይስት በቅደም ተከተል ነገረኝ። ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ቁጥር ቀድሞ የያዘው እሱ ነበር።»

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ፊደሎቹ በእንባ ተደበላልቀው አንዱም አልታይ አለው።

«ቆዪ» አላት። «እታለም፣ እባክሽ ትንሽ ቆዪ።»

«አልቆይም» አለች። «ጻፍ።»